ሰላምታ ያልመለሰው ቀዛፊ

ወልደ ዮሐንስ ወደ መንደሩ የተመለሰው ሞቶ ነው፤ ግን በገዛ ታንኳው ላይ ቀጥ ብሎ እንደ ተቀመጠ።

የኅዳር ሚካኤል ንግሥ ነበር። ታቦቱ ገብቶ የዘጌ ሰው ከጫካው ወጥቶ በሐይቁ ዳር መስኩ ላይ ዳቦና ጠላውን ይዞ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ነፋሱ ከውኃው ወደ ምድር መንፈስ ሲጀምር አንዲት የደንገል ታንኳ ከሩቅ ታየች። ያያት ሁሉ የማን እንደ ሆነች አወቀ። በአፍንጫዋ ላይ ቀይ ጨርቅ የሚያስር ሌላ ቀዛፊ በዚያ ዳር የለም።

«ይኸው መጣ! አሮጊቶቹን ጥሎ የት ሲዞር ዋለ?» አለ አንዱ።

ሰዎች ተጣሩ፤ እጃቸውን አወዛወዙ። ሰውየው ነጭ ኩታውን ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ መንደሩ አድርጎ ተቀምጧል። አይቀዝፍም፤ አይመልስም። ታንኳዋ ግን ከታች የሚጎትታት ያለ ይመስል ቀስ እያለች ትመጣለች። ሣቁ መጀመሪያ ከውኃው አጠገብ ከነበሩት ዘንድ ቆመ። ከዚያ ዝምታው ወደ ኋላ እየተላለፈ መስኩን ሁሉ ያዘው። ታንኳዋ ድንጋዩን ነክታ ስትቆም ወልደ ዮሐንስ እንደ ተቀመጠ በጎኑ ወደቀ። የራሱ ጀርባ ተሰንጥቆ ደሙ ደርቋል። መቅዘፊያው ታንኳዋ ውስጥ የለም።

በሦስተኛው ቀን ከባሕር ዳር ኢንስፔክተር ሰሚሐ መጣች። የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ሱቁን ትረከበኛለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ፖሊስ ሆና ወንጀል ምርመራ ክፍል ገባች። አብሯት የተመደበው ሳጅን ብሩክ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ዋና አይችልም፤ ጀልባ ላይ ሁለት እጁን ከመቀመጫው አይነቅልም። የሚያደርሳቸው ሰላህ የሚባል የሞተር ጀልባ ነጂ ነበር፤ ቤተሰቦቹ የባሕር ዳር ነጋዴዎች ሲሆኑ እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከውኃው የማይጠፋ ሰው ነው።

ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ሰላህ ሞተሩን ቀንሶ በእምቦጩ አረም መካከል መንገድ እየፈለገ ሲነዳ ብሩክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤ «ሐኪሙን አናገርኩት። በከባድ እንጨት ከኋላ ነው የተመታው አለኝ። መቼ እንደ ሞተ ግን እርግጠኛ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይና ነፋስ ላይ ስለ ዋለ ለመገመት ያስቸግራል አለ። ከቀትር በፊት ሳይሆን አይቀርም ብሏል።»

«ከቀትር በፊት ከሆነ ያዩትን ሰዎች ምን ልናደርጋቸው ነው?» አለች ሰሚሐ።

ችግሩ እሱ ነበር። ወልደ ዮሐንስ በንግሥ ቀን እግራቸው የደከመ አሮጊቶችን ከማዶው ሰርጥ በታንኳ አሳፍሮ ወደ ደብሩ የሚያመጣ ሰው ነው። ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ወጣ። ከዚያ በኋላ በሐይቁ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ያዩት ሰዎች አሉ፤ ጠዋት ያየው አለ፤ ረፋድ ላይ ያየው አለ። አጠገቡ ግን ሌላ ጀልባ ያየ የለም። በዚያ ሁሉ ውኃ መካከል ማን ከኋላው ቆሞ መታው? መንደሩ መልሱን ካገኘ ቆይቷል፦ ሐይቁ ነው። ከንግሡ ማግስት ጀምሮ አንድም ሰው ታንኳውን ወደ ውኃ አላወረደም።

የሟቹን ሚስት ሥርጉትን በቡና ዛፎች መካከል ባለው ቤቷ ደጅ ላይ ከለቀስተኞች ጋር ተቀምጣ አገኟት። ፊቷን ነጭታው ቆስሏል። ሰሚሐ ዝቅ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ ሥርጉት።»

«አሜን ልጄ።»

«ጠላት ነበረው?»

«ለእሱ ጠላት? እሱ እኮ ለውሻም ሰላም ሳይል የማያልፍ ሰው ነው። በባሕሩ ላይ ከሩቅ የሰው ጥላ ካየ ‘እንዴት አደራችሁ’ ብሎ ይጮኻል። ባይሰሙትም ይጮኻል። ጠበኛስ ቢኖረው አንድ ወንድሙ ነው። እሱንም ቢሆን በየማለዳው በደጁ ሲያልፍ ‘እንዴት አደርህ፣ ወንድም ዓለም’ ሳይለው አይሄድም ነበር።»

«ወንድሙስ?»

«ሰባት ዓመት አልመለሰለትም።»

ጠቡ በአባታቸው የቡና ይዞታ ነበር። ታናሽየው ሀብተ ሥላሴ ወሰኑ ከትልቁ ዋንዛ ማዶ ነው ብሎ በደብሩ ደጃፍ ማለ። ሽማግሌዎቹ መሐላውን ተቀብለው ፈረዱለት። ወልደ ዮሐንስ አንድ ቃል ሳይናገር በትሩን አንሥቶ ወደ ቤቱ ገባ።

«መሐላው እውነት ነበር?» አለች ሰሚሐ።

 ሥርጉት የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ታሻሽ ጀመር። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ባሌ ሲቀዝፍ ኩታ አይለብስም። የክት ልብሱን አጣጥፎ ነው የያዘ፤ ከደብሩ ሲደርስ ሊለብሰው። እንዴት ተከናንቦ መጣ? ደግሞ ጥለቱ ወደ ላይ ተገልብጦ በአንገቱ ዞሯል። እንዲህ የሚለበስ ሰው ሲሞት ነው። ሰው ለራሱ ሞት ሐዘን ይለብሳል?»

ከለቀስተኞቹ አንዷ አማተበች። ብሩክ ወደ ሐይቁ ዞር ብሎ አየና ወዲያው ፊቱን መለሰ።

ሀብተ ሥላሴን በደብሩ ቅጥር ውስጥ አገኙት። ግንቡን ተደግፎ ተቀምጧል። ረጅም፣ ጉንጩ የገባ ሰው ነው። በንግሡ ቀን የት እንደ ዋለ ሲጠየቅ አብረውት የነበሩት መሪጌታ ቃለ ሕይወት ቀድመው መለሱ፤ «ከማሕሌቱ ማብቂያ ጀምሮ ታቦቱ እስኪገባ በእኔ ፊት ነበር። ጥላ ይዞ ነው የዋለ። ሺህ ሰው አይቶታል። ወንድሙ ደግሞ በዚያው ሰዓት ባሕሩ ላይ ነበረ ይባላል። እሱ እንዳልሆነ ለእግዚአብሔርም እመሰክራለሁ።»

መሪጌታ አይዋሹም። ሰሚሐ ፊታቸውን አይታ አመነች።

ወደ ማዶው ሰርጥ በእግር ሄዱ። መንገዱ በጫካው ውስጥ ያልፋል። ከላይ ጉሬዛዎች ቅርንጫፍ ሲነቀንቁ ብሩክ በየጊዜው ይደነግጣል። እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ በጎጇቸው ደጅ መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ፈዟል፤ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው።

«ጉም ነበረ፤» አሉ። «እኔና ሁለቱ መነኮሳይት ድንጋዩ ላይ ቆመን ስንጠብቅ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ጀርባውን ሰጥቶናል። ‘ወልደ ዮሐንስ፣ እዚህ ነን!’ ብዬ ጮኽሁ። ዝም። እየሄደ፣ እየሄደ ጉሙ ዋጠው። ተቀየምሁት፣ ልጄ፤ ሞቱን ሳላውቅ ተቀየምሁት።»

«ምንም አላለም?»

«ሰላም አላለም። ያንጎራጉር ነበር መሰለኝ። ቃል የሌለው ነገር፣ በአፍንጫው። መዝሙር እያለ ነው ብዬ ነበር።»

ረፋድ ላይ ያየው አሣ አጥማጅም የተናገረው ተመሳሳይ ነው። መረቡን እየሳበ ሳለ ታንኳዋ በቅርብ አለፈች። ሁለት ጊዜ ሰላም አለው። ሰውየው ራሱን ወደ ደረቱ ዘንበል አድርጎ ነበር፤ ተኝቶ ይሆናል ብሎ ተወው። «ብቻ ቀልቤ አልወደደውም፤» አለ አጥማጁ። «መረቤን ሳልጨርስ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ለምን እንደ ሆነ አላውቅም።»

ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ውኃው እንደ ነሐስ ሆኖ ነበር። ሰላህ መሪውን እንደ ያዘ አንገቱን መለስ አድርጎ ሰሚሐን አያት። የሆነ ነገር አፉ ላይ ደርሶ የሚመለስ ይመስላል።

«ንገረኝ፤» አለችው።

«እኔም አይቼዋለሁ። ቀትር ላይ፣ ከደሴቶቹ ወዲህ። እንግዶች ይዤ ነበር። እጄን አነሣሁለት፤ ዝም አለ። ሌላ ጊዜ እሱ ነው ቀድሞ የሚጮኸው። አንዷ እንግዳ በስልኳ ቀርጻው ኖሮ ወደ እኔም ላከችልኝ። ‘ወፍ ያላመደ ሽማግሌ’ እያለች ስትስቅ ነበር። ጠዋት ‘ከቀትር በፊት ሞተ’ ስትባባሉ ስሰማ ሰዓቱ አልገጥምልህ አለኝ፤ ፈራሁ።»

ሞተሩን አጠፋ። ጀልባዋ በዝምታ ትንሳፈፍ ጀመር። ሰሚሐ ስልኩን ተቀብላ አየች።

ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ሰዎች ይሣቃሉ። በሩቅ፣ በሚያበራው ውኃ መካከል ነጭ የለበሰ ሰው በሁለት የደንገል ነዶዎች መካከል ተቀምጧል፤ ለአሮጊቶቹ መደገፊያ ያዘጋጃቸው ነዶዎች ናቸው። በትከሻው ላይ አንድ ረጅም እግር ያለው ነጭ ወፍ ቆሟል። ወፉ ክንፉን ይዘረጋል፣ ያጥፋል። ወደ ፊት ይራመድና በሰውየው ራስ ላይ ይወጣል። ከዚያ አንገቱን አጎንብሶ በኩታው ውስጥ ወዳለው ፊት ያያል። ሰውየው አይነቃነቅም።

ብሩክ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ እያየ ነበር። «ኢንስፔክተር…» አለ።

«አዎ፤» አለች ሰሚሐ። «ሞቷል። እዚህ ምስል ላይ ሞቶ ነው። አጥማጁም ያየው የሞተ ሰው ነው። ሁላቸውም ያዩትን እውነቱን ተናገሩ፤ ያዩት ግን በሕይወት ያለ ሰው አይደለም። የተመታው ሐይቁ ላይ አይደለም፤ እዳር ነው፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ታቦቱ ሳይወጣ። ሰው አስቀምጦት ነው የገፋው።»

«ጥላ የያዘው ሰውዬ እንግዲህ…»

«ሺህ ሰው ያየው ከማሕሌቱ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ማን አየው?»

ሰላህ ሞተሩን ለማስነሣት ገመዱን ሁለት ጊዜ ስቦ ሳተው። ሦስተኛው ላይ ተነሣ። እስከ ወደቡ ድረስ ሰሚሐ የምታስበው ስለ ኩታው ነበር። ገዳዩ ጊዜ አጥሮት፣ ሰው ሊደርስበት ሲችል፣ የክት ልብሱን ዘርግቶ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጦ አልብሶታል። እንዲህ የሚያደርግ ለሟቹ የሚያዝን ሰው ነው። በዚያ መንደር ወልደ ዮሐንስን የሚጠላውና የሚያዝንለት አንድ ሰው ብቻ ነው።

በነጋታው ጠዋት ሀብተ ሥላሴ እዚያው ግንቡ ሥር ነበር። መሪጌታ ከቀብሩ ወዲህ ቤቱ እንዳልገባ፣ በሐይቁ በኩል ባለው መንገድም እንደማያልፍ ነገሯት። ሰሚሐ ብሩክን ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲቆም አድርጋ ከፊቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ ወንድምዎን ኩታውን ያለበሱት እርስዎ ነዎት።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ሰሚሐ ይክዳል፣ ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን ሸክም እንዳወረዱለት ሰው ትንፋሹን ለቀቀ።

«በርዶት ነበረ፤» አለ።

መሪጌታ በቆሙበት ቀሩ። ሀብተ ሥላሴ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀጠለ።

«በሐሰት የማልሁ እኔ ነኝ። እሱ ያውቃል። ወሰኑን ሲያካልል አባታችን ሁለታችንንም በእጁ ይዞ አሳይቶናል። ቢሰድበኝ እሰድበው ነበር። ቢከሰኝ እከራከረው ነበር። እሱ ግን በየማለዳው ደጄ ላይ ቆሞ ‘እንዴት አደርህ፣ ወንድም ዓለም’ ይለኛል። ልጄ በወባ ስትሞትብኝ መቃብሯን የቆፈረ እሱ ነው። በማግስቱም መጥቶ ‘እንዴት አደርህ’ አለኝ። መሐላው ልጄን በላብኝ፤ ያንን እያስታወሰኝ መሰለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ሳይነጋ ተነሥቼ ኮቴውን እጠብቃለሁ። አልፎ ከሄደም በኋላ ድምፁ ቤቴ ውስጥ ይቀራል።»

«በንግሡ ቀንስ?»

«ፊቴን ልታጠብ ወደ ባሕሩ ወረድሁ። ነዶዎቹን እያደላደለ አገኘሁት። ‘ዛሬ እንኳ እንኳን አደረሰህ በለኝ እንጂ’ አለና ሣቀ። ክፉ ሣቅ አልነበረም። ጀርባውን ሰጥቶኝ አጎነበሰ። መቅዘፊያው ድንጋዩን ተደግፎ ነበር። ከዚያ በእጄ ነበር።»

ከቅጥሩ ውጭ ሰው እንጨት ይፈልጥ ነበር፤ እያንዳንዱ ምት ሲሰማ ትከሻው ይሸማቀቃል።

«ሸሸሁ። ቡናው ውስጥ ገባሁ። ተመልሼ መጣሁ። በአፉ ጭቃው ላይ ተደፍቶ ሳየው… የእናቴ ልጅ ነው። አነሣሁት። አጠብሁት። አለበስሁት። ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞርሁት፣ እንዳያየኝ። የማለዳው ነፋስ ይውሰደው ብዬ ገፋሁት።»

«ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደሚመልሰው የዘጌ ሰው ያጣዋል?»

«አላጣውም። ያን ጊዜ አላሰብሁትም እንጂ። መስኩ ላይ ተቀምጬ እያለሁ፣ ሰዉ ‘መጣ፣ መጣ’ ሲል ቀና አልሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር የሄደው። ሲመለስ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነው።»

መቅዘፊያውን ከወሰኑ ዋንዛ ሥር፣ በደረቅ ቅጠል ተሸፍኖ አገኙት። እሱ ራሱ ነው ያሳያቸው። እጁን ሲያስሩት አልታገለም። ወደ ሰላህ ጀልባ ሊያወርዱት ሲሉ ግን ውኃው ጋ ደርሶ እንደ ሕፃን ዓይኑን ጨፈነ። ብሩክ ክንዱን ይዞ አሳፈረው። እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሁለቱም ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሄዱ።

ሐኪሙ የደወለላት በዚያው ሳምንት ነው። የምርመራው ውጤት ተጠናቆ ነበር።

«አንድ ነገር ልነግርሽ አለብኝ፤» አላት። «ምቱ ወዲያው አልገደለውም። ራሱን ስቶ ቢሆንም ለጥቂት ጊዜ፣ ምናልባት አንድ ሰዓት ያህል ይተነፍስ ነበር። ወንድሙ ሲገፋው ሞቷል ብሎ አምኖ ይሆናል። አልሞተም ነበር።»

ሰሚሐ ስልኩን ዘግታ መስኮቱ አጠገብ ቆመች። እማሆይ የሰሙት ያ ቃል የሌለው እንጉርጉሮ ትዝ አላት። ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያለው ሰው መዝሙር እያለ አልነበረም። ሦስት አሮጊቶች ድንጋይ ላይ ቆመው እየጠሩት፣ እሱ ሊመልስላቸው እየሞከረ ይሆናል ያለፈው።

ይህን ለእማሆይ አልነገረቻቸውም። ለማንም መንገር አልፈለገችም፤ ነገር ግን ሐኪሙ በችሎት መመስከሩ አይቀርም። በዓመቱ መሰከረም። ሀብተ ሥላሴ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ያንን ሲሰማ አልጮኸም፤ አላለቀሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዳኛው ሲጠይቁት በራሱ ንቅናቄ ብቻ ይመልስ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሲፈረድበትም ያው ነው። ጠበቃው ይግባኝ እንበል ሲለው ራሱን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ሥርጉት ሐኪሙ በመሰከረበት ዕለት አልነበረችም። ወሬው ከመንደር ሰው አፍ እንዳይደርሳት ሰሚሐ ፈራች። በዕረፍት ቀኗ፣ ያለ መለዮ፣ ወደ ዘጌ ተሻገረች። ሥርጉት ቡና ትለቅም ነበር። ሀብተ ሥላሴ እውነቱን ስለ ተናገረ ሽማግሌዎቹ ከዋንዛው ማዶ ያለውን ይዞታ መልሰውላታል፤ እሷ ግን የምትለቅመው ከድሮው ይዞታ ብቻ ነው። የማዶው ቡና ቀልቶ፣ አልፎ ጠቁሮ መሬት ላይ ረግፏል።

ሰሚሐ ቆማ ነገረቻት። አላሳመረችውም፤ አላስረዘመችውም።

ሥርጉት ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቅርንጫፉን በሁለት እጇ ያዘች።

«ያን ማለዳ በማዶው ሰርጥ ሲያልፍ፣» አለች፣ «ሰዎች በስሙ ጠርተውት ነበር አልሽኝ?»

«አዎ፣ እትዬ። እማሆይ ጠርተውታል።»

«እንግዲያስ ብቻውን አልነበረም።»

ከዚያ አለቀሰች። ሰሚሐ የምታደርገውን ስላጣች ቅርጫቱን አንሥታ ትለቅም ጀመር። አለቃቀሟ የከተማ ሰው ነው፤ ጥሬውንም ከበሰለው ጋር ትቀነጥሳለች። ሥርጉት ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ትንሽ አየቻትና ተጠጋች።

«ቀዩን ብቻ፣ ልጄ፤» አለቻት። «አረንጓዴውን ተይው። ቆላ ድባ ያለችው ልጄ ልትወስደኝ ለገና ትመጣለች፤ እስከዚያ ይደርሳል።»

ሁለቱም በጫካው ጥላ ውስጥ፣ ብዙ ሳይነጋገሩ፣ ሰላህ ከዳር ሆኖ ጀልባዋ ልትሄድ መሆኑን ጮኾ እስኪነግራቸው ድረስ ለቀሙ።